አንዲ ሃውኪንስ፦ አንድ ሂት ሳይሰጥ 4 ለ 0 የተሸነፈው ፒቸር

እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1990፣ እሁድ፣ ቺካጎ ውስጥ ኮሚስኪ ፓርክ በሚባለው አሮጌ የቤዝቦል ስታዲየም የሆነው ነገር እስካሁን ሲነሳ ያንገበግበኛል። የኒውዮርክ ያንኪስ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) አንዲ ሃውኪንስ 8 ኢኒንግ (ጨዋታው የሚከፈልበት ዙር፣ ሙሉው 9 ነው) ወረወረ፣ የቺካጎ ዋይት ሶክስ መቺዎች በ8ቱም ኢኒንግ አንድ ሂት (መቺው ያለ ተከላካይ ስህተት ቤዝ የሚደርስበት ምት) አላገኙበትም፣ አንድ እንኳን፣ ጨዋታው ግን 4 ለ 0 ያለቀው ለዋይት ሶክስ ነው። ስሙ አጠገብ የተጻፈው ሽንፈት ነው። አመት ከምናምን ቆይቶ ደግሞ ኖ-ሂተር (ያለ አንድ ሂት ያለቀ ጨዋታ) የሚለውን ስም ራሱ ወሰዱበት።

ቤዝቦልን ብዙ ለማይከታተል ሰው ይሄ የማይሆን ነገር ይመስላል። ኳስ ካልመታህ እንዴት ታገባለህ? ግን በዚህ ጨዋታ ራን ማለት አንድ ልጅ ሦስቱን ቤዝ ዞሮ ሆም ፕሌት (የመምቻውን ቦታ) መርገጡ ነው እንጂ እንዴት ዞረ የሚለው ነጥቡ ላይ ለውጥ አያመጣም። ፈርስት ቤዝ ለመድረስ ሂት አንዱ መንገድ ብቻ ነው። ፒቸሩ አራት ቦል (ከመምቻው ክልል ውጪ የሄደች፣ መቺው ያልሞከራት ኳስ) ከወረወረ መቺው በነጻ ይሄዳል፣ ዎክ የሚሉት ነው። ኳሷ ሰውነቱን ከመታችውም ይሄዳል። ሜዳ ላይ ያለው ተጫዋች መያዝ የነበረበትን ኳስ ከጣለ ወይ አበላሽቶ ከወረወረ ኤረር ተብሎ ይመዘገባል እንጂ ሂት አይባልም፣ መቺው ግን ቤዙ ላይ ቆሟል። ከዛ በኋላ ሰከንድ ቤዝ መስረቅ (ኳስ ሳይመታ በሩጫ መድረስ) ይችላል፣ ሌላ ዎክ ሲመጣ ወደፊት ይገፋል፣ ሌላ ኤረር ሲመጣ ይገባል። ሂት የሚባል ነገር ሳይኖር ሆም ፕሌት ደረሰ ማለት ነው። ሰሌዳው ላይ ራን፣ ሂት፣ ኤረር ተብለው ሦስት ቁጥር ጎን ለጎን የሚቀመጡትም ሦስቱ የተለያየ ነገር ስለሚናገሩ ነው፣ የዛን ቀን በዋይት ሶክስ መስመር ላይ 4 ራን 0 ሂት ተጽፎ ነበር የዋለው።

ሂት ነው ወይስ ኤረር የሚለውን የሚወስን ደግሞ አለ፣ ኦፊሻል ስኮረር ይባላል፣ ዳኛ አይደለም፣ ጋዜጠኞቹ የሚቀመጡበት ሆኖ ጨዋታውን የሚመዘግብ ሰው ነው። መለኪያው ተጫዋቹ በተለመደ ጥረት ይይዛት ነበር ወይ የሚል ነው፣ አዎ ካለ ኤረር፣ አይ ከባድ ኳስ ነበረች ካለ ሂት። ስለዚህ ኖ-ሂተር በከፊል በአንድ ሰው ዓይን ላይ የተመሰረተ ነገር መሆኑን ያዙልኝ።

ወደ ሃውኪንስ ልመለስ። ዋኮ ቴክሳስ የተወለደ ልጅ ነው፣ ስሙ የታወቀው ሳንዲያጎ ፓድሬስ እያለ ነው። በ1984 ወርልድ ሲሪስ (የአመቱ ፍጻሜ) ፓድሬሶች ዲትሮይትን ያሸነፉት አንዲት ጨዋታ ብቻ ነበር፣ እሷን ያሸነፈው ፒቸር እሱ ነው። በ1985 ደግሞ 18 አሸንፎ 8 ተሸነፈ፣ አመቱን ሲጀምር 11 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ነበር። በ1988 መጨረሻ ያንኪሶች በ3 አመት 3.6 ሚሊዮን ዶላር ወሰዱት፣ ለዛን ጊዜ ትልቅ ብር ነው። የመጀመሪያው አመት 15 ለ 15 ሆነ። 1990 ግን ክፉ አመት ሆነበት። ቡድኑ ራሱ ፈርሶ ነበር፣ በጁን አሰልጣኙን ባኪ ዴንትን አባረው ስተምፕ ሜሪልን አመጡ፣ አመቱን 67 አሸንፈው 95 ተሸንፈው በምድባቸው መጨረሻ ነው የጨረሱት። ሃውኪንስንም በጁን መጀመሪያ ወይ ታችኛው ሊግ ውረድ ወይ እናሰናብትህ ብለውት ነበር። ያተረፈው ማይክ ዊት የሚባለው ፒቸር መጎዳቱ ነው፣ ሰው ስላጠራቸው አቆዩት።

ዊት ደግሞ በዛው አመት አፕሪል ላይ ካሊፎርኒያ ኤንጅልስ እያለ ከማርክ ላንግስተን ጋር ሆኖ ኖ-ሂተር ወርውሮ የመጣ ሰው ነው። አመቱ የኖ-ሂተር አመት ነበር ማለት ይቻላል፣ ከሃውኪንስ ጨዋታ ሁለት ቀን በፊት ጁን 29 በአንድ ምሽት ሁለት ተወረወረ፣ ዴቭ ስትዋርት ቶሮንቶ ላይ፣ ፈርናንዶ ቫለንዙዌላ ሎስአንጀለስ ላይ። ሁሉም ሰው ቲቪ ላይ አይቶታል፣ የቡድን ጓደኛ ሲዘልበት ሲያቅፈው ምናምን። ሃውኪንስም ያንን አይቶ ነው ቺካጎ የገባው።

የዛን እለት ኮሚስኪ ፓርክ 80ኛ አመቱን ይዞ ነበር፣ የተከፈተው ጁላይ 1 ቀን 1910 ነው፣ 1990 ደግሞ የመጨረሻ አመቱ፣ ከዛ ፈርሷል። ጸሐይ አለ፣ ንፋሱም ኃይለኛ ነበር፣ እነዚህን ሁለቱን አትርሱ።

ጨዋታው እስከ 8ኛው ኢኒንግ 0 ለ 0 ነው። ሰው የሚረሳው የዋይት ሶክሱን ፒቸር ነው፣ ግሬግ ሂባርድ እስከ 6ኛው ኢኒንግ ድረስ አንድም ያንኪ ቤዝ አላስረገጠም ነበር። ያንኪሶች ጨዋታውን በሙሉ 4 ሂት ብቻ ነው ያገኙት፣ አንድም ራን አላመጡም። የሃውኪንስ ሽንፈት የጀመረው እዚህ ጋር ነው ብዬ ነው የማምነው፣ 8ኛው ኢኒንግ ላይ አይደለም። ፒቸር ራን ማስቆም እንጂ ለቡድኑ ራን ማምጣት አይችልም፣ በአሜሪካን ሊግ ጨርሶ ባት አይዝም ነበር፣ በቦታው ሌላ ሰው ነው የሚመታለት። ያንኪሶች በዛ ሁሉ ሰዓት ሁለት ራን ይዘው ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ መልክ ነበረው።

እሺ 8ኛው ኢኒንግ። ሃውኪንስ ሁለቱን መቺዎች አወጣ፣ ሁለት አውት፣ ቤዝ ላይ ማንም የለም፣ ኢኒንግ የሚያልቀው ሦስት ሰው አውት ሲሆን ስለሆነ አንድ አውት ብቻ ነው የቀረው። ሳሚ ሶሳ መጣ፣ ያን ጊዜ የ21 አመት ልጅ ነው፣ ገና ያ ሁሉ ሆምራን የሚመታው ሶሳ አልሆነም። መሬት ለመሬት ወደ ሰርድ ቤዝ መታት። ማይክ ብሎወርስ ደረሰባት፣ ግን አጥርቶ አልያዛትም፣ ወረወረ፣ ሶሳ በደረቱ ተወርውሮ ፈርስት ቤዝ ገባ። ኤረር ተባለ። እዚህ ጋር ቆም በሉ፣ ብሎወርስ ቢይዛት ኖሮ ኢኒንጉ አልቋል፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር በሙሉ ባልነበረ።

ሶሳ ሰከንድ ቤዝን ሰረቀ። ሃውኪንስ ኦዚ ጊየንን ዎክ አደረገው። ላንስ ጆንሰንን ዎክ አደረገው። ቤዙ ሞላ። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፣ እነዚህ ሁለት ዎኮች የራሱ ናቸው፣ ማንም አልጣለበትም፣ የዛን ቀን በጠቅላላ 5 ዎክ ሰጥቷል 3 ሰው በስትራይክ (ሳይመቱ) አውጥቷል፣ እና ሃውኪንስ ንጹህ ነው ምንም አላጠፋም ብሎ የሚከራከር ሰው ካለ አልስማማም። ሁለቱን ዎክ ባይሰጥ ቀጥሎ የመጣው ስህተት ዋጋው አንድ ራን ነበር፣ ሦስት አይሆንም።

ቀጥሎ ሮቢን ቬንቹራ። እሱም በዛ አመት ገና ሩኪ (ጀማሪ) ነው፣ ከሁለት ወር በፊት 41 ጊዜ ሞክሮ አንድም ሂት ያላገኘበት ጊዜ አሳልፏል። ወደ ሌፍት ፊልድ (የኋላው ሜዳ ግራ) ከፍ አድርጎ መታት፣ መያዝ የምትችል ኳስ ናት። ሌፍት ፊልድ ላይ የቆመው ጂም ሌይሪትስ ነው፣ ሌይሪትስ ደግሞ ካቸርና ኢንፊልደር (የቤዞቹ አካባቢ ተጫዋች) እንጂ በሙያው አውትፊልደር (የኋላ ሜዳ ተጫዋች) አይደለም፣ ትልቁ ሊግ ከገባ አንድ ወር አልሞላውም። ንፋሱ ኳሷን እየገፋት ነው፣ ልጁ እየተንገዳገደ ተከተላት፣ ጓንቱን ነክታ ወደቀች። ሁለት አውት ስለሆነ ደግሞ ሦስቱም ሯጮች ባቱ ኳሷን እንደነካ ነው መሮጥ የጀመሩት፣ ማንም ቆሞ ትያዝ ይሆን አትያዝ ብሎ አይጠብቅም፣ ብትያዝ ኢኒንጉ ስለሚያልቅ የሚያጡት ነገር የለም። ሦስቱም ገቡ። 3 ለ 0።

ከዛ ኢቫን ካልዴሮን ወደ ራይት ፊልድ ሌላ ኳስ ወደ ላይ ላከ። እዛ ያለው ጄሲ ባርፊልድ ነው፣ እሱ ከሌይሪትስ ጋር አይወዳደርም፣ በመከላከሉ የጎልድ ግላቭ ሽልማት ያገኘ፣ ክንዱ የሚፈራ አውትፊልደር ነው። ኳሷ ጸሐይ ውስጥ ገባችበት። ጣላት። ቬንቹራ ገባ፣ 4 ለ 0። ቀጣዩን መቺ ሃውኪንስ ራሱ አወጣውና ኢኒንጉ አለቀ። 4 ራን፣ 0 ሂት፣ 3 ኤረር፣ 2 ዎክ፣ 1 ስርቆት፣ በሁለት አውት።

እግር ኳስ ለሚያውቅ ሰው፣ አንድም የተጋጣሚ ሹት ያልገባበት በረኛ የራሱ ተከላካዮች በራሳቸው ጎል ላይ ሲያገቡበት እንደማለት ነው፣ ልዩነቱ እዚህ ሽንፈቱ በቡድኑ ስም ብቻ ሳይሆን በፒቸሩ ስም ለብቻው ተጽፎ እድሜ ልክ የሚቀመጥ መሆኑ ነው።

አሁን የመዝገቡን ነገር እንይ፣ ምክንያቱም ደንቡ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል አራቱም ራኖች ፒቸሩ በሰጠው የራን አማካይ ላይ አይቆጠሩም። የሶሳ ኳስ ብትያዝ ኢኒንጉ ያልቅ ስለነበር ከዛ በኋላ የገባው ሁሉ አንኧርንድ ራን ይባላል፣ የፒቸሩ ጥፋት አይደለም ተብሎ ነው። ስለዚህ መዝገቡ ራሱ እነዚህ ራኖች የእሱ አይደሉም ብሎ መስክሯል። በሌላ በኩል ግን ማን ተሸነፈ የሚለው ሲወሰን የሚታየው ሌላው ቡድን መሪነቱን በማን ቤዝ ሯጮች ያዘ የሚለው ነው፣ ኤረር ይኑር አይኑር ግድ የለውም። ሯጮቹን ቤዝ ላይ ያስቀመጠው ሃውኪንስ ነው፣ ሽንፈቱ የሃውኪንስ ሆነ። ድሉን ደግሞ ማን ወሰደ? ባሪ ጆንስ፣ 8ኛውን ኢኒንግ ብቻ የወረወረው ሪሊፍ (ተቀይሮ የሚገባ) ፒቸር፣ ዋይት ሶክሶች መሪነቱን ሲይዙ የነሱ ፒቸር እሱ ስለነበር ብቻ። 7 ኢኒንግ የለፋው ሂባርድ ምንም አላገኘም፣ 8 ኢኒንግ ሂት ያልሰጠው ተሸናፊ ተባለ፣ አንድ ኢኒንግ የወረወረው አሸናፊ ተባለ። በአንድ ጨዋታ ውስጥ የፒቸር ድልና ሽንፈት የሚባለው ቁጥር ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሚናገር ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም፣ አሁን አሁን ቡድኖች ፒቸር ሲቀጥሩ ያንን ቁጥር ብዙም የማያዩት እንዲሁ ፋሽን ሆኖ አይደለም።

ያንኪሶች በ9ኛው ኢኒንግ መቱ፣ አልሆነላቸውም፣ ጨዋታው አለቀ። ዋና የምለው እዚህ ላይ ነው። እንግዳ ቡድን መጀመሪያ ይመታል፣ ባለሜዳው ቀጥሎ። ባለሜዳው እየመራ ከሆነ በ9ኛው ኢኒንግ መምታት አያስፈልገውም፣ ጨዋታው እዛው ያበቃል። ስለዚህ ሃውኪንስ 9ኛ ኢኒንግ ሊወረውር አይችልም ነበር፣ ደክሞት አይደለም፣ አሰልጣኙ አውጥቶት አይደለም፣ ዝናብ ዘንቦም አይደለም። ቡድኑ ስለተሸነፈ የሚወረውርበት ኢኒንግ አልነበረም።

የዛን ጊዜ ጨዋታው ኖ-ሂተር ተብሎ ተመዘገበ። በሴፕቴምበር 1991 ግን በኮሚሽነሩ ፌይ ቪንሰንት የሚመራ የስታቲስቲክስ ኮሚቴ ተቀምጦ ኖ-ሂተር ማለት 9 ኢኒንግ ወይም ከዛ በላይ ሄዶ ያለ ሂት ያለቀ ጨዋታ ነው ብሎ ወሰነ። በአንድ ቀን 50 ጨዋታ ከዝርዝሩ ወጣ። በዝናብ 5ና 6 ኢኒንግ ላይ የተቋረጡ ወጡ፣ እስከ 9ኛው ያለ ሂት ሄደው በተጨማሪ ኢኒንግ ሂት የገባባቸው ወጡ፣ በ1959 ለ12 ኢኒንግ አንድም ሰው ቤዝ ሳያስረግጥ ወርውሮ በ13ኛው የተሸነፈው ሃርቪ ሃዲክስም አብሮ ወጣ። ሃውኪንስም ወጣ።

በዝናብ ያጠረው ቢወጣ ይገባኛል፣ ጨዋታው ቢቀጥል ምን እንደሚሆን አይታወቅም። የሃዲክስም ያሳዝናል ግን በመጨረሻ ሂት ገብቶበታል። የሃውኪንስ ግን ያላለቀ ጨዋታ አይደለም፣ ሙሉ ጨዋታ ነው፣ ተጋጣሚው በደንቡ መሰረት መምታት የሚገባውን ሁሉ መትቶ ጨርሷል፣ እና አንድ ሂት አላገኘም።

ጉዳዩን በደንብ የሚያሳየው ከኬን ጆንሰን ጋር ጎን ለጎን ስታስቀምጡት ነው። ኤፕሪል 23 ቀን 1964፣ ሂውስተን፣ ቡድኑ ያን ጊዜ ኮልት ፎርቲ ፋይቭስ ይባል ነበር። ጆንሰን ከሲንሲናቲ ሬድስ ጋር 9 ኢኒንግ ያለ ሂት ወርውሮ 1 ለ 0 ተሸነፈ። በ9ኛው ኢኒንግ ፒት ሮዝ ባንት አደረገ (ኳሷን በባቱ ቀስ ብሎ ነካት)፣ ጆንሰን ራሱ አንስቶ ወደ ፈርስት ቤዝ ወረወረና አበላሻት፣ ሮዝ ሰከንድ ቤዝ ገባ። ቀጣዩ መቺ ሲወጣ ሮዝ ሰርድ ቤዝ ደረሰ። ከዛ ቬዳ ፒንሰን ወደ ሰከንድ ቤዝ መታት፣ እዛ ያለው ኔሊ ፎክስ ነው፣ በኋላ ሆል ኦፍ ፌም (የታላላቆች የክብር መዝገብ) የገባ ሰው፣ ኳሷ አመለጠችው፣ ሮዝ ገባ፣ 1 ለ 0 ሆነ። ብቻውን 9 ኢኒንግ ሙሉ ኖ-ሂተር ወርውሮ የተሸነፈ ሰው በትልቁ ሊግ ታሪክ እሱ ብቻ ነው። ጆንሰን ግን ዝርዝሩ ላይ አለ፣ ዛሬም። ለምን? ባለሜዳ ስለነበር። ባለሜዳ ፒቸር ቢሸነፍም ባይሸነፍም 9ኛውን ኢኒንግ ይወረውራል፣ እንግዳ ፒቸር ሲሸነፍ ግን 8 ላይ ይቆማል። ሃውኪንስ ያንን ጨዋታ ኒውዮርክ ላይ ቢወረውረውና 9ኛውንም ያለ ሂት ቢጨርስ ኖሮ ሽንፈቱም ኖ-ሂተሩም አብረው በስሙ ይቆዩ ነበር። ልዩነቱ ስታዲየሙ ነው እንጂ ሰውየው አይደለም።

ከሱ በኋላም ተደግሟል፣ ሁሌም በእንግዳ ፒቸር። በ1992 የቦስተኑ ማት ያንግ ክሊቭላንድ ላይ 8 ኢኒንግ ያለ ሂት ወርውሮ 2 ለ 1 ተሸነፈ፣ 7 ዎክ ሰጥቶ። በ2008 የኤንጅልሶቹ ጄሬድ ዊቨርና ሆሴ አሬዶንዶ ዶጀር ስታዲየም ላይ 1 ለ 0። በሜይ 2022 ደግሞ የሲንሲናቲው ሀንተር ግሪን ፒትስበርግ ላይ 118 ኳስ ወርውሮ 9 ሰው በስትራይክ አወጣና በ8ኛው ኢኒንግ ሁለት ዎክ ሰጥቶ ወጣ፣ የተካው አርት ዋረን አንድ ዎክ ጨምሮ ቤዙ ሞላ፣ ከዛ መሬት ለመሬት የሄደች ኳስ ላይ ሁለት ሰው ማውጣት ሲገባቸው አንዱን ብቻ አወጡና ራኑ ገባ፣ 1 ለ 0። እዚህኛው ላይ ራኗ የገባችው ያለ ኤረር ነው፣ ዎክና አንድ የዘገየ ውርወራ ብቻ በቂ ሆነ። ሽንፈቱ የተጻፈው በግሪን ስም ነው፣ ያስቀመጠው ሯጭ ስለሆነ የገባው። አንዱም ጨዋታ ዝርዝሩ ላይ የለም።

ሃውኪንስ ከዛ እሁድ በኋላ ያገኘው እረፍት የለም። በሚቀጥለው ጨዋታው፣ ከሚኒሶታ ጋር፣ 11 ኢኒንግ ሙሉ ራን ሳይሰጥ ወርውሮ በ12ኛው 2 ለ 0 ተሸነፈ። ያንኪሶች በሁለቱ ጨዋታ ለሱ ያመጡለት ራን ዜሮ ነው። ከዛ ጁላይ 12 ያው ዋይት ሶክስ ኒውዮርክ መጡና ሜሊዶ ፔሬስ የሚባለው ፒቸራቸው በዝናብ ባጠረ 6 ኢኒንግ ጨዋታ ያንኪሶችን ያለ ሂት አስቀርቶ 8 ለ 0 አሸነፈ፣ የያንኪሶቹ ፒቸር አሁንም ሃውኪንስ። አመቱን 5 አሸንፎ 12 ተሸንፎ ጨረሰ፣ በ1991 ያንኪሶች አሰናበቱት፣ ትንሽ ኦክላንድ ጋር ሰራና የመጫወቻ ዘመኑ በዛው አለቀ። በኋላ በቴክሳስ ሬንጀርስ የተቀያሪ ፒቸሮች (ቡልፔን) አሰልጣኝ ሆኖ ለአመታት ሰርቷል።

በ1991 ኮሚቴው ያደረገው ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን አንድ ላይ መክተት ነው፣ በዝናብ የተቋረጠ ጨዋታና በደንቡ ተሟልቶ ያለቀ ጨዋታ። የፔሬስ 6 ኢኒንግና የሃውኪንስ 8 ኢኒንግ በአንድ ብዕር ተሰረዙ። ቢስተካከል ቀላል ነው፣ ጨዋታው ሙሉ ሄዶ ካለቀና ተጋጣሚው በተሰጠው ኢኒንግ ሁሉ ሂት ካላገኘ ይመዝገብ፣ የተቋረጠው ይቅር። እንደዛ ቢሆን ሃውኪንስ፣ ያንግ፣ እነ ዊቨር፣ እነ ግሪን ይመለሳሉ፣ ሽንፈታቸውም ከነስሙ አጠገባቸው ይቀመጥ፣ እሱን ማንም አይክድም።